አውጫጭኝ

ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ሠርቼ፣
የሰውን ክርክር በገመድ አስሬ፣ በቁጥር ከትቼ፣
ጡረታ ስወጣ ልጄ ከባሕር ዳር
የመስታወት ገንዳ ላከልኝ፣ ከነዓሣው፣ ከነጠጠር።
«ዝም ብለህ እያቸው» አለኝ ስልክ ደውሎ፤
እኔ መች አውቅና ማየትን ዝም ብሎ!
ከገንዳው አጠገብ ደብተር አኖርኩ፣
በየማለዳው ቆጠርኩ።

የሐምሌ ብርድ ከጮቄ ወርዶ ማርቆስን ሲቀጣ፣
ማሞቂያው ሲነድ ሲበርድ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣
ብርቱካንማዋ ዓሣ፣ ሆዷ ገፍቶ ከብዷት ሰንብታ፣
ወለደች ሰኞ ማታ።

ሃያ ሦስት ነበሩ። ዓይንና ጭራ ብቻ፣
እንደ ተበተነ ሰሊጥ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ ከመስታወቱ ዳርቻ።
«ሃያ ሦስት» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀንና ፊርማ አኖርኩበት።
ረቡዕ፦ አሥራ ሰባት።
ሐሙስ፦ አሥራ አንድ። መነጽሬን ወልውዬ፣ ደግሜ፣
አሁንም አሥራ አንድ። ዓርብ ስድስት ሲሆኑ ቀረሁ ቆሜ።
በድን የለ፣ አጥንት የለ፣ ውሃው እንደ ጸዳ፤
ያለ በር፣ ያለ መስኮት፣ ከተከደነ ገንዳ!

በአባቶቻችን ጊዜ ከብት የጠፋ እንደሆነ
አገር አውጫጭኝ ይቀመጣል፣ እየማለ፣ እየተማመነ፤
ሌባው እስኪወጣ ከሜዳው ማንም አይነሣ፣
ሰብል ዱር ቢውል፣ ጥጃ ቢረሳ።
እኔም ቅዳሜ ከሰዓት ቤተሰቡን ሰበሰብኩ፤
«በሉ አውጡት» አልኩ።

ብዙአየሁ ሳቀች፦ «ኧረ ሰሊጥ ለምታህል ነገር!»
«የሰሊጥም ሌባ» አልኳት «ይጠየቃል ባገር።»
ተከራያችን ምንይችል፣ መብራት ኃይል የሚሠራው፣ ቀርቦ ማለ፦
«እጄ ገንዳውን ነክቶ እንደሆን ኮረንቲ ይያዘኝ» አለ።
ድመቷ ተከሰሰች፤ ክዳኑ ከባድ ነውና ነጻ ወጣች፣
ጢሟን እየላሰች ችሎቱ መሐል ተኛች።
ማጣሪያውም ተጠረጠረ፤ ጉር ጉር አለ እንጂ ቃል አልሰጠም፣
አጠፋነው፣ አበራነው፤ ነገሩ አልተረጋገጠም።

«ወፍስ የለችም?» አልኩ። በዚያ በድሮው ሥርዓት
ስሙ የማይነገር፣ በዓይኑ ያየ ሰው ነው ወፍ የሚሉት።
ትሁን እጇን አወጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።
የእህቴ ልጅ ናት፤ እናቷ ከደጀን ይዛት መጥታ
«ክረምቱን ብቻ» ብላ ትታት ሄደች፤
ይኸው ሦስተኛው ክረምት ነው።
«እናታቸው ናት» አለች፣ «የበላቻቸው።»

«ዝም በይ!» አልኳት። «እናት?»
ደብተሬን ዘጋሁ፤ ችሎቱን በተንኩት።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለ። ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣
ብርሃኑን በጣቶቼ ሸፍኜ ተንበረከክሁ።
ብርቱካንማዋ መጣች፣ ጭራዋን እንደ ቀሚስ ዘርግታ፣
ልትስም የመጣች መስላ፣ ቀስ ብላ፣ ተጠግታ፣
አፏ ተከፈተ፣
ተዘጋ።
ቁጣ የለ። ረኀብም አይመስል።
ዞራ ሄደች ወደ ቅጠል።
እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን እስክሰድ የቀሩት ተበተኑ፤
ሲነጋ፣ ደብተሬ ላይ፣ ባዶ ሆኑ።

ስንት መዝገብ ላይ ጽፌአለሁ በዚህ እጄ
«ተፈልጎ አልተገኘም» ብዬ፣ አንድ ቀን ሳልፈልግ ሄጄ!

ጠዋት ለትሁን ነገርኳት፦ «ወፏ ልክ ነበረች።»
አልተደሰተችም። የጫማዋን ክር ማሰር ቀጠለች።

በመስከረም መባቻ ማጣሪያውን ፈትቼ ስፖንጁን ስጨምቅ፣
ከጥቁሩ ዝቃጭ መሐል አንድ ዓይን አየሁ ሲያብረቀርቅ።
ቀለም ያልወጣለት፣ ምስር የሚያህል፣
ከጭለማ ውስጥ ጉድፍ ለቅሞ ያደገ ግልገል።
ደብተሬን አነሣሁ። «ከጠፉት አንዱ» ብዬ ጀመርኩ፤
በየትኛው ዓምድ እንደምጽፈው ግን ቸገረኝና ተውኩ።
ትሁን የማርማላታ ብርጭቆ አጥባ አቀረበች፣
እኔ በማንኪያ አወጣሁት፤ እሷ እየተንቀጠቀጠች ተቀበለች።
«ወደ ገንዳው?» አልኳት።
ብርጭቆውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ራሷን ነቀነቀች፤
«እናቱ እንዳታውቅ» አለች፣
ወስዳ ከራስጌዋ አኖረች።

ማታ መብራት ጠፋ።
በሹራቧ ጠቅልላው ተኛች።